በማዳበሪያ ላይ የሚኖሩ ሰዎች

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ ሕፃን ምን በድላሽ ነው አንድ ዓይኗን የነፈግሻት?»

እንዲህ ያሉኝ ከወላጅ ኮሚቴው አባላት አንዱ የሆኑ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። እኔ ዴስክ ላይ ቆሜ፣ ብሩሹን በጥርሴ ይዤ፣ የአንደኛ ክፍልን የውጭ ግድግዳ ስለው ሰንብቼ ልክ መጨረሴ ነበር። ምስጋና ነበር የምጠብቀው። ዲሬክተሩ ከቄሱ ኋላ ቆሟል። ሌሎች ሁለት ወላጆችም አሉ፤ እነሱ ቄሱ ሲናገሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«አባ፣ ወደ ጎን ዞራ እኮ ነው» አልኳቸው። «ሌላው ዓይኗ በወዲያ በኩል አለ።»

«በየት በኩል?»

«በወዲያኛው።»

ቄሱ ጠጋ ብለው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ወዲያኛውማ ክፍሉ ነው። ያለው ጥቁር ሰሌዳ ነው።»

ወላጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሥዕሉን የቀዳሁት ከአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ነው፤ መስመር አልጨመርኩም፣ መስመር አልቀነስኩም። በቀኝ በኩል አንዲት ልጅ ቧንቧ ላይ ጎንበስ ብላ እጇን ትታጠባለች። ፊቷ ወደ ውሃው ስለሆነ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። ከራሷ በላይ አረንጓዴ ራይት አለ። በግራ በኩል አንድ ልጅ ቆሟል፤ ፀጉሩ ተንጨባሯል፣ ሸሚዙ አድፏል፣ ዝንብ ፊቱ ላይ አርፏል፣ ዓይኖቹን አፍጥጦ ወደ እኛ ያያል። ከራሱ በላይ ቀይ ኤክስ አለ። መጽሐፉ በጥቁርና በብርቱካናማ ብቻ የታተመ ስለነበር ሌላውን ቀለም የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ በዚያም ኮርቼ ነበር።

«የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ አይተሽ አታውቂም?» አሉኝ ቄሱ።

አይቻለሁ እንጂ። እኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን ሲሳል መልአኩም ጻድቁም በሁለት ዓይን ነው የሚሳለው። ሰይጣኑና ሰማዕቱን የሚገርፈው ወታደር ወደ ጎን ዞረው አንድ ዓይን ብቻ ይኖራቸዋል። ይህን ማንም አስቀምጦ አያስተምረንም፤ በእናታችን ጀርባ ታዝለን ሳለ ያየነው ነገር ነው። እኔም አውቀዋለሁ። ግን ያ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ይሄ የትምህርት ቤት ነው ብዬ ለይቼው ነበር።

ዲሬክተሩ ነገሩን በሙከራ ሊፈታው ፈለገ መሰለኝ፣ እረፍት ወጥተው የከበቡንን የአንደኛ ክፍል ልጆች ጠየቃቸው። «ጎበዙ የትኛው ነው? በጣታችሁ አሳዩኝ።»

አንድም ሳይቀር ዝንብ ያረፈበትን ልጅ አሳዩ።

«እሷስ?»

«እሷ ሰይጣን ናት» አለች የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ፤ ግልጽ የሆነ ነገር ለምን እንደሚጠየቅ የገረማት ትመስላለች።

«ምን እያደረገች ነው ታዲያ?»

«ውሃ እየሰረቀች።»

አሁን ቄሱም ሳቁ። ዲሬክተሩ ወደ እኔ ዞሮ «ሰኞ ከዞን ትምህርት መምሪያ ሰው ይመጣል» አለኝ። «እስከዚያ አስተካክያት።»

ሁሉም ሲሄዱ እኔ ከዴስኩ ወረድኩ። ብሩሹን ጣሳ ውስጥ ወረወርኩት፤ ንዴት ነው። ያ ሥዕል ካልተወደደ ምን እንደሚቀርብኝ አውቃለሁና።

አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ አላሳለፈኝም። ሁለት ዓመት አክስቴ ቤት ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ማለት እንኳ አይቻልም፤ አክስቴ «አንቺ ልጅ ወንበር ይቆረቁርሻል» ትለኝ ነበር። ፀጉር ቤት ሞከርኩ፣ ወር አልሞላኝም። ሻይ ቤት ሞከርኩ፣ ከአንድ ደንበኛ ጋር ተጣልቼ ወጣሁ። ሳልነጫነጭ ከጠዋት እስከ ማታ የምሠራው ነገር መሳል ብቻ ነው። የተማርኩበት ትምህርት ቤት የመርጃ መሣሪያ ክፍል አለው። ሥዕሎቹ፣ ካርታዎቹ፣ ከጭቃ የተሠሩት ቅርጾች እዚያ ነው የሚሠሩትና የሚቀመጡት። የክፍሉ መምህር በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ነው። ዲሬክተሩ ጠርቶ «ግድግዳውን ሣዪ፤ ኮሚቴው ከወደደው ክፍሉን አንቺ ትረከቢያለሽ» አለኝ። መምህሩም ለሥራው እንዲመቸኝ ቁልፉን አውሰውኝ በክር አንገቴ ላይ አስሬው ነበር።

ያንን ክፍል የፈለግሁት ግን ያኔ አይደለም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ነው።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ከሰቆጣ ዙሪያ፣ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቅ መንደር፣ ከተማ ውስጥ ወዳለችው አክስቴ ለትምህርት ተላክሁ። የማውቀው ቋንቋ ኽምጣና ብቻ ነበር። አማርኛ ሲናገሩ የሰዎቹን አፍ አያለሁ እንጂ ምንም አልሰማም። አንደኛ ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ መምህራችን ሲናገር የከተማው ልጆች ይስቃሉ፣ እነሱ ሲስቁ እኔም ዘግይቼ እስቃለሁ፣ ከዚያ በእኔ ይስቃሉ።

በዚያ ክፍል ውስጥ በግድግዳው ዙሪያ ሽቦ ተወጥሮ ነበር፤ ሽቦው ላይ ማዳበሪያዎች ተሰቅለዋል። የእርዳታ ስንዴ የመጣባቸው ማዳበሪያዎች ናቸው። የመርጃ ክፍሉ መምህር በስፌታቸው ይተረትሯቸዋል፣ ይዘረጓቸዋል፣ ነጭ ቀለም ይቀቧቸዋል፣ ሲደርቁ ይስሉባቸዋል። ጥቁሩን ከየት እንደሚያመጡት በኋላ ነው ያየሁት። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ይሰብሩና የውስጡን ጥቁር ወቅጠው በኮላ ይለውሱታል። በዚያ ጥቁር ሁሉን ነገር በወፍራም መስመር ያጥሩታል። በመስመሩ ውስጥ አንድ ቀለም ብቻ ነው የሚገባው። ፈዘዝ ደመቅ የለም፣ ጥላ የለም። ፀሐይ ቢጫ፣ ሰማይ ሰማያዊ፣ ሣር አረንጓዴ። በእኛ አገር ሣር አረንጓዴ የሚሆነው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ማዳበሪያው ላይ ግን በጋም ክረምትም አረንጓዴ ነበር። ዝናብ አጫጭር ሰረዞች ነው። ዝሆንና አይጥ ቁመታቸው እኩል ነው፤ ለሁለቱም የተሰጣቸው ሣጥን እኩል ነበርና። ከእያንዳንዱ ነገር ቀስት ይወጣል፣ ከቀስቱ ጫፍ ቃል ይጻፋል። ቀንበር። ሞፈር። ጅራፍ።

ነጩ ቀለም ሲሳሳ የእርዳታው ጽሑፍ ከስር ብቅ ይላል። የሚያርሰው ገበሬ ደረቱ ላይ የፈረንጅ ፊደል ነበረበት። ለረጅም ጊዜ የልብሱ ጥለት ይመስለኝ ነበር። እስካሁን ስንዴ ጫኝ መኪና ላይ ያንን ፊደል ሳይ የሚታወሰኝ ያ ገበሬ ነው።

እነዚያን ሰዎች የወደድኳቸው ወደ እኔ ስለሚያዩ ነው። ገበሬው ያርሳል፣ ወደ እኔ ያያል። ሴትዮዋ ትፈጫለች፣ ወደ እኔ ታያለች። ሐኪሙ መርፌ ይዞ ወደ እኔ ያያል፤ መርፌው የት እንደሚያርፍ ግድም ያለው አይመስልም። ክፍል ውስጥ ሌላ የሚያየኝ ሰው አልነበረም፤ ካየኝም ለሳቅ ነው። እነሱ ግን አንድ ነገር እንድናገር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር፤ አይቸኩሉም። አንድ ቀን ጠረጋ ተረኛ ሆኜ ብቻዬን ስቀር ገበሬው ፊት ቆምኩና ቀስቱን በጣቴ ተከትዬ «ሞፈር» አልኩት። በአማርኛ ፈልጌ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ነው። ከዚያ ወዲያ ተረኛ ባልሆንም እጠርግ ነበር። የከተማው ልጆች ሞኝ ናት ብለው ተራቸውን ሁሉ ለእኔ ሰጡኝ።

ሌላም የማስታውሰው ነገር አለ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ንጽሕና ይታያል። መምህራችን በሰልፉ መሃል እያለፈ ጥፍርና አንገት ያያል፤ ያልታጠበውን በጠመኔ እጁ ላይ ኤክስ ያደርግበታል። ኤክስ ያለበት እስከ ምሳ ሰዓት ከኋላ ይቀመጣል። እኔ ባደግሁበት መንደር ውሃ የሚቀዳው ከሩቅ ነው፤ መላ አካል መታጠብ የበዓል ጉዳይ ነበር፤ ልማዱም ከእኔ ጋር ነው የመጣው። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ኤክስ ነበረብኝ። በምራቄ አርሼ በቀሚሴ እጠርገዋለሁ፤ ጠመኔው ይለቅና ያ ቦታ ጸድቶ ከቀረው እጄ ነጥቶ ኤክሱ እንደገና ይታያል። ከኋላ ተቀምጬ ማዳበሪያዎቹን አያለሁ። ከእነዚያ ሰዎች አንዳቸውም ላይ ኤክስ አልነበረም።

ካደግሁ በኋላ ግን ናቅኋቸው፤ ልዋሽ አልፈልግም። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ መሳል እንደምወድ ያወቁት መምህሩ ክፍላቸው እንድገባ ፈቀዱልኝ። ኮላ አቦካለሁ፣ ማዳበሪያ እተረትራለሁ። እዚያ አዳዲሶቹን መጻሕፍት አየሁ። ሥዕሎቻቸው ቀጭን መስመር አላቸው፤ ሰው ሲራመድ ሙሉ ለሙሉ ወደ ጎን ይዞራል፣ ውሃ ሲቀዳ ወደ ውሃው ያያል። ይሄ ነው ሥዕል አልኩ። የመምህሩን ገበሬ እያሳየሁ «መምህር፣ እግሩ ወደዚያ፣ ፊቱ ወደዚህ፤ አንገቱን አያመውም?» አልኳቸው። ሳቁና ብሩሻቸውን ማጠብ ቀጠሉ። ስለዚህ ግድግዳው ሲሰጠኝ መጽሐፉን ነው የገለጥኩት። የእርሳቸውን ማዳበሪያ ዞር ብዬም አላየሁ። አዲስ ሰው እንደመጣ ኮሚቴው እንዲያውቅ ፈልጌ ነበር።

አወቀ።

ቄሱ ያንን የተናገሩኝ ዕለት የመርጃ ክፍሉን ከፍቼ ገባሁና ከመደርደሪያው ላይ ማዳበሪያዎቹን አንድ በአንድ አውርጄ ዘረጋኋቸው። አንድ ወደ ጎን የዞረ ሰው ፈልጌ ለቄሱ ላሳይ ነበር ሐሳቤ። ገበሬው፣ ፈጪዋ፣ ሐኪሙ፣ ንብ አናቢው፣ ውሃ ቀጂዎቹ። በሬው ወደ ጎን ነው፣ አህያው ወደ ጎን ነው፣ ዶሮዋም። ሰው ግን አንድም የለም። መሬት ላይ ተቀምጬ ሳለሁ መምህሩ ገቡ።

«ተናደድሽ?»

«አዎ።»

«ደግ ነው። እኔም መጀመሪያ ጊዜ ተናድጄ ነበር።»

ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። መጀመሪያ የተመደቡት እዚሁ ዞናችን ውስጥ ዝቋላ ወረዳ ነበር። ከመጽሐፍ ቀድተው አንድ የሚዘራ ገበሬ ይስላሉ፤ ወደ ጎን የዞረ፣ ያማረ። በሳምንቱ አንዲት እናት መጥታ ልጇን ከክፍል እጁን ይዛ ትወስዳለች። ትምህርት ቤቱ ሰይጣን ሰቅሏል፣ ያውም ዘር ሲበትን፤ በዚህ ዓመት እህል አይበቅልም ብላ። «ሦስት ሰዓት ተጉዤ ቤቷ ሄድኩ» አሉኝ። «መጽሐፉን ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ላስረዳት። እሷ መጽሐፉንም አይታ ‹ይሄንንም ያው ሰይጣን ነው የጻፈው› አለችኝ። ተመልሼ መጣሁና የገበሬውን ፊት አዞርኩት። ልጁም ተመለሰ።»

«አንገቱስ?»

«አንገቱን እንደሆነ እስካሁን አልከሰሰኝም።»

ሳልወድ ሳቅሁ። ማዳበሪያዎቹን ጠቅልዬ መለስኩ። የገበሬውን ግን ስጠቀልል ትንሽ ቆየሁ። ደረቱ ላይ ያለው ፊደል ከድሮው ይበልጥ ጎልቷል፤ ነጩ ረግፏል። አሁንም ያየኝ ነበር።

በማግስቱ የልጅቷን ፊት በነጭ አጠፋሁና ደግሜ ሣልኳት። እጇ ከቧንቧው ስር ነው፣ ፊቷ ወደ እኛ። ዓይኖቿን ትልልቅ አደረግኋቸው፤ በወፍራም ጥቁር አጠርኳቸው፤ ከባትሪው ጥቁር። አምሮባት ነበር፤ እኔ አሳምሬው ሳይሆን እንዲያ ሲሆን ስለሚያምር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቄሱ ብቻቸውን መጡ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ አዩዋት።

«አሁን ሰው ሆነች» አሉ። ከዚያ መቋሚያቸውን አንስተው ወደ ልጁ ጠቆሙ። «ያኛውን ደግሞ አዙሪው።»

«ወዴት?»

«ወደ ጎን ነዋ። ልጆቹ እንዲለዩት።»

ዴስኩ ላይ ነበርኩ። «አላዞረውም አባ።»

«ለምን?»

«አልታጠበም እንጂ ክፉ አይደለም።»

«ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አንጋጠው አዩኝ። «ወንድ አድርገሽ ሣልሽው እንጂ።»

«መጽሐፉ ላይ ወንድ ነው።»

አክስቴ ብትሰማ ኖሮ ለቄስ እንዲህ ስለመለስኩ ትገድለኝ ነበር። እርሳቸው ግን ከልጁ ራስ በላይ ያለውን እያዩ ነበር።

«ይሄ ቀዩስ ምንድን ነው? መስቀል ነው እንዳልል ተጋድሟል።»

«ስህተት ማለት ነው አባ።»

«ምኑ ነው ስህተት?»

«አለመታጠቡ።»

«እንዲያ ከሆነ ውሃ ስጪው» አሉኝ። «አጠገቡ ውሃ እየፈሰሰ ምን ብለሽ ነው ያቆምሽው?»

ሄዱ። እኔ ዴስኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሥዕሉን አየሁት። ከሁለቱ መሃል ሁለት ክንድ የሚያህል ባዶ ግድግዳ ነበር። መጽሐፉም ላይ እንዲሁ ነው፤ ራይቱና ኤክሱ እንዳይቀላቀሉ።

ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ሣልኩ። ቧንቧውን አጠፋሁት። ልጅቷን ማንቆርቆሪያ አስያዝኳት፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ውስጥ ትንሿ ልጅ እንደምታስታጥበው አድርጌ። የልጁን እጆች ከጎኑ አንስቼ ከውሃው ስር አመጣኋቸው። ውሃውን በሰማያዊ ሰረዝ ሠራሁት፤ እንደ ማዳበሪያው ዝናብ። ዝንቡን ተውኩት፤ ገና መታጠብ መጀመሩ ነው። ራይቱ በቀላሉ ጠፋ። ኤክሱን ግን ሦስት ጊዜ በሰማዩ ሰማያዊ ቀባሁት፣ ሦስት ጊዜም ቀዩ ከስር ብቅ አለ። በአራተኛው ሄደልኝ። ሁለቱም ወደ እኛ ያያሉ። ከማንቆርቆሪያው ቀስት አወጣሁ፣ «ውሃ» ብዬ ጻፍኩ። ከእጆቹ ቀስት አወጣሁ፣ «እጅ» ብዬ ጻፍኩ።

መምህሩ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጥተው አዩት። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት።

«ወደ እኛ እያየች ነው የምታፈሰው» አሉኝ።

«አዎ።»

«አንገቷን አያማትም?»

ሰኞ ከደወሉ በፊት ዲሬክተሩ መጣ። የአንደኛ ክፍሉን መጽሐፍ ገጹ ላይ ጣቱን ሰክቶ ይዞታል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ ከበላዩ ሰው ሲመጣ ሁለት ቀን ቀድሞ ግቢውን ደጋግሞ የሚያስጠርግ ዓይነት። መጽሐፉን ያያል፣ ግድግዳውን ያያል።

«ኤክሱ የት ገባ?»

«አጠፋሁት።»

«ዓይን ጨምሪ ነው እንጂ የተባልሽው ኤክስ አጥፊ ተባልሽ?»

«ቄሱ ውሃ ስጪው አሉ። ከተሰጠው በኋላ ኤክሱ ምን ያደርጋል?»

«ትምህርቱ እኮ» አለና መጽሐፉን ከፍቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ፤ «ትክክል የሆነውንና ያልሆነውን ለዩ። ይሄው። ትክክል ያልሆነው የታለ?»

«የለም። እየታጠበ ነው።»

«ልጆቹ ታዲያ ምኑን ይለያሉ?»

«ምንም።»

ግንባሩን አሸ። «ስሚኝ፤ ቄሱ ወደውታል፣ ነግረውኛል። ወላጆቹ ችግር የለባቸውም። የሚመጣው ሰው ግን መጽሐፍ ይዞ ነው የሚመጣው። ‹ይሄ ከየት የመጣ ነው› ቢለኝ ምን እላለሁ? ያለው አንድ ኤክስ ነው። ሁለት መስመር። ከልጁ ራስ በላይ ሁለት መስመር አድርጊልኝና ክፍሉን ዛሬውኑ እጽፍልሻለሁ።»

የመርጃ ክፍሉ በር ክፍት ነበር። መምህሩ ደፉ ላይ ቆመው ብሩሽ በጨርቅ ይጠርጋሉ፤ ወደ እኛ አላዩም። በበሩ ውስጥ መደርደሪያው፣ ማዳበሪያዎቹ፣ የኮላው ጣሳ ይታዩኛል።

የቀዩን ቀለም ቆርቆሮ ከፈትኩ። ብሩሹን ነከርኩና ዴስኩ ላይ ወጣሁ። ልጆች በግቢው በር መግባት ጀምረዋል፤ አንዳንዶቹ ቆመው ያያሉ። ጥርሷ የወለቀው ልጅ ከፊት ነበረች፣ እጇን ወደ ማንቆርቆሪያው ከፍ አድርጋ ዘርግታለች። ብሩሹን ከልጁ ራስ በላይ አነሳሁ። ቀለሙ ወደ እጄ አንጓ ወረደ።

ወረድኩ። ቆርቆሮውን ከደንኩት።

«ምነው?» አለ ዲሬክተሩ።

ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ በያዘው መጽሐፍ ላይ አስቀመጥኩለት። ብሩሹን በቀሚሴ ጠረግሁና በልጆቹ መሃል አልፌ በግቢው በር ወጣሁ።